የማይከሽፈው ጥይት

ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም ቃታ ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሽጉጥ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ሌላ ስም አያገኝም። ወጣትነቱን በወታደር ወርክሾፕ ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መጋዘንና ባንክ በሚያስጠብቅ አንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት መስኮት ባላት ክፍል፣ ብረት ከሚያስርበት ሞርሳውና ከዘይት ቆርቆሮው ጋር ተቀመጠ። ዘበኞቹ ሽጉጣቸውን ይዘው ሲገቡ ቀና ብሎ አያይም። «እስቲ ሳበው» ይላል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ከዚያ «ሞላው ደክሟል» ወይም «ምንም አልሆነም፣ ቆሽሾ ነው፣ አንተው ታጥበዋለህ» ይላል። ጠግኖ ያበቃውን መሣሪያ ሃምሳ ጥይት ሳይተኩስበት አይመልስም። ዘበኞቹ «ቃታ የጋብቻ ቀለበቱንም ሃምሳ ጊዜ አጥልቆ አውልቆ ነው የገዛው» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ቤቱ ግን መሣሪያ አስገብቶ አያውቅም። በተጋቡ ሰሞን ባለቤቱ ቃል አስገብታዋለች። «የእጅህን ዘይት እችላለሁ፤ ያንን ነገር ግን ከደጃፌ እንዳታሳልፈው» አለችው። አላሳለፈም።

ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ የበሽተኛ ስም አንዴ ከሰማች በዓመቱም አትረሳም። ያገባችው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሹፌሩ ለሰው ፊት ማር ነው። የአማቱን ዘንቢል ከእጇ ነጥቆ ይሸከማል፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ሕፃናት ይወዱታል። ከመንገድ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን የሚያውቀው ግድግዳው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ዓይኗ ሥር በልዞ ወላጆቿ ቤት መጣችና «ከደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች። የምትኖርበት ቤት ደረጃ የለውም። ቃታ ይህን ያውቃል፤ ግን ዝም አለ። ባለቤቱም ዝም አለች። ሁለቱም አንዳቸው ሌላው እስኪናገር እየጠበቁ ሁለት ዓመት አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት ባሏ ክንዷን ሰበራት። ያኔ ልብሷን በአንድ ፌስታል ከታ ወጣች። ወላጆቿ ዘንድ አልገባችም፤ መጀመሪያ የሚፈልጋት እዚያ መሆኑን ታውቃለች። ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። ክፍሏን ከጎረቤት የሚለያት የችፑድ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ማዶ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች፤ ሃምሳን ያለፈች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከጧት እስከ ማታ የእግር ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የምትውል ሴት። ልጅቷ በገባች በሳምንቱ ሰፊዋ በግድግዳው በኩል «ልጄ፣ በልተሻል?» ማለት ጀመረች። «በልቻለሁ እትዬ» ትላለች ልጅቷ። «አልበላሽም። የበላ ሰው እንዲህ አይመልስም» ትላለች ሰፊዋ፤ ትንሽ ቆይቶም በሩ ይንኳኳል።

ፍርድ ቤት ሰውየው አጠገቧ እንዳይደርስ ትእዛዝ ሰጠ። ሹፌሩ ወረቀቱን አነበበው፣ በሥርዓት አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ በማግስቱ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። አባትና ልጅ ጣቢያ ሄዱ። የጣቢያው ሹም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጣቸው።

«ምን አደረጋት አባባ?»

«ቆሞ አያት።»

«ማየቱን ብቻ ይዘን ምን እናድርገው? የሆነ ነገር ካደረገ ወዲያው ይደውሉልን።»

«ካደረገ በኋላ ማን ነው የሚደውለው?» አለ ቃታ።

ሹሙ እስክሪብቶውን አገላበጠ። የጣቢያውን ስልክ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው።

በወሩ ልጅቷ ወርክሾፑ መጣች። አባቷ ሥራ ላይ እያለ መጥታ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ የተፈታቱትን ብረቶች አየች፣ ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥታ ሞርሳው አጠገብ አስቀመጠች። የሽጉጥ ፈቃድ ነው፤ በራሷ ስም።

«አባዬ፣ አንተ ምረጥልኝ።»

«ይሄ ነገር ላንቺ አይሆንም።»

«ታዲያ ለእኔ የሚሆነው ምንድን ነው? ንገረኝና እሱን ልያዝ።»

ቃታ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወረቀቱን አነሣው። ማታ ለባለቤቱ ሲያወራላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠረገችና፣ በዚያ ቤት ተብሎ የማይታወቅ ነገር ተናገረች፤ «ካመጣህላት አይቀር የማይከዳት ይሁን።»

ቃታ ስለ ትንንሽ ሽጉጥ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ትልቁ ሽጉጥ የሰጡትን ይውጣል። ትንሹ ግን እንደ ሕፃን ነው፤ ያልጣመውን ይተፋል። ሁሉ ነገሩ ጠባብ ነው፣ ሞላው አጭርና ኃይለኛ ነው፣ ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ እስኪገባ ያለው መንገድ የጣት ጫፍ አይሞላም፤ እዚያች መንገድ ላይ ትንሽ ነገር ካደናቀፈው ታንቆ ይቀራል። ለልጁ ግን ትልቅ መምረጥ አይችልም። እጇ ትንሽ ነው፣ ቦርሳዋም ትንሽ ናት፣ የተሰበረው ክንዷ ድኗል ቢባልም ሲከብደው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መዳፏ ውስጥ የምትገባ፣ ስድስት ጥይት የምትጎርስ አንዲት ሽጉጥ መረጠ። እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታት፣ አጠባት፣ መልሶ ገጠማት። የቀረው ጥይቱ ነው።

ጥይት ሻጩ የድሮ ባልንጀራው ነው። ሁለት ፓኮ ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት።

«ይሄኛው ጫፉ ጎድጓዳ ነው» አለው። «ሥጋ ሲነካ ተከፍቶ ይሰፋል፣ እዚያው ይቀራል። ይሄ ደግሞ ያው የምታውቀው ድቡልቡሉ ነው። መንገድ ካገኘ አይቆምም፤ ሰውየውን አልፎ፣ በሩን አልፎ ይሄዳል።»

«ለቤት የቱን ትሰጣለህ?»

«ለቤት? ጎድጓዳውን ነዋ! ቤት ማለት ሰው ያለበት ነው፤ ጎረቤት አለ።»

ቃታም ያንኑ አስቦ ነበር የሄደው። ጎድጓዳውን ይዞ ወጣ።

ድርጅቱ ዘበኞቹን ተኩስ የሚያለማምድበት አሮጌ የድንጋይ ማውጫ አለ። እሑድ ጧት አባትና ልጅ እዚያ ሄዱ። መጀመሪያ ቃታ ተኮሰ። አሥራ አራተኛው ላይ ሽጉጧ ዝም አለች። ከፍቶ ሲያይ የጥይቱ ጎድጓዳ ከንፈር የበርሜሉን መግቢያ ነክሶ ቆሟል። ወርክሾፑ ወስዶ መግቢያውን በጨርቅና በቅባት መስታወት እስኪመስል ወለወለው። የካዝናውን ሞላ ቀየረ። በሚቀጥለው እሑድ ሃያ ሁለተኛው ታነቀ። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ጎድጓዳ ጥይት ፈልጎ አመጣ፤ እሱም ያው ነው። በልጅቷ እጅ ደግሞ ባሰ። ሽጉጥ ሲተኮስ ከኋላው ጠንካራ ክንድ ይፈልጋል፤ የእሷ ክንድ ይሸሻል። ከአሥር አንዱ ይታነቅባታል። አባቷ «መሀል ላይ ከታነቀ እንዲህ መትተሽ፣ እንዲህ ስበሽ…» ብሎ ሊያሳያት ጀመረና እጇን አየው። ይንቀጠቀጣል፤ ያውም ማንም ሳይመጣባት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አባቷ አጠገቧ ቆሞ። ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

በአራተኛው እሑድ ድቡልቡሉን ይዞ መጣ። እሱ መቶ ተኮሰ። እሷ መቶ ተኮሰች። አንድም አልታነቀ፣ አንድም አልከሸፈ። ቃታ በደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፈ፤ «ሁለት መቶ ተኩስ። እንከን የለም።»

ሻጩ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ቃታ፣ እሱ ያልፋል እኮ።»

«ያልፋል። ግን ይተኮሳል።»

«ጎረቤቷስ?»

«ጎረቤቷንም አስቤያለሁ» አለ ቃታ። እውነቱን ነው፤ አስቧል። የልጁ ክፍል ሄዶ የችፑዱን ግድግዳ በጣቱ አንኳኩቷል፤ ድምፁ የባዶ ካርቶን ነው። በዚያኛው በኩል የሰፊዋ መኪና ይንቀጫቀጫል። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ የችፑዱ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው ደግሞ የድንጋይ ነው፣ ከበሩ ውጭም የድንጋይ አጥር አለ። ልጁን መሀል ክፍሉ ላይ አቆማት። «ከመጣ ጀርባሽን ለእትዬ ግድግዳ ትሰጫለሽ። በሩን ታያለሽ። ከበሩ ኋላ ድንጋይ ነው፣ ማንንም አታገኚም። ገባሽ?» አላት። እሷም እየሄደች ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፤ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ከማዶ ሰፊዋ «ምንድን ነው የምትንጎራደዱት? ዳንስ ነው?» አለች። ሦስቱም ሳቁ።

ቃታ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ በልቡ ሁለቱን አመዛዘነ። የታነቀ ሽጉጥ ልጁን በእርግጥ ያስገድላታል። ያለፈ ጥይት ደግሞ ምናልባት ሰው ያገኝ ይሆናል፤ ምናልባት ነው። እርግጡንና ምናልባቱን አስቀምጦ መረጠ። አባት ነው።

ሹፌሩ የመጣው ቅዳሜ፣ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ቃታ በኋላ ከልጁም ከሰፊዋም አፍ ሰማ። ልጅቷ የሥራ ልብሷን በካውያ እየተኮሰች ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ በአንድ ርግጫ ተነቀለ። ጀርባዋን ለግድግዳው ለመስጠት ጊዜ አልነበራትም፤ ሰውየው በሁለት እርምጃ ክፍሉን አቋርጦ ካውያዋን ከእጇ ቀማና ፀጉሯን ያዘ። ስትታገለው፣ ሲጎትታት፣ ሲዞሩ፣ እሷ በበሩ በኩል ሆነች፤ እሱ በችፑዱ በኩል። ሰፊዋ ጩኸቱን ሰምታ መኪናዋን አቁማ ተነሣች። «ልጄ! ልጄ! ምን ሆነሽ?» እያለች ግድግዳውን በመዳፏ ደበደበችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ሰው ልትጠራ ዞረች።

ልጅቷ በሩ አጠገብ የተሰቀለው ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከትታ ሽጉጧን አወጣችና ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ሽጉጧ ሁለቱንም ጊዜ ሠራች።

አንደኛው ጥይት ጣሪያው ውስጥ ገባ። ሁለተኛው የሹፌሩን የላይኛ ክንድ በስቶ አለፈ፤ አጥንት እንኳ አልነካም። ችፑዱንም አለፈው፤ ሰፊዋን የራሷ በር ጋ ሳትደርስ ወገቧ ላይ አገኛት።

ሹፌሩ ክንዱን ይዞ ሮጠ። ልጅቷ ከኋላው አልሮጠችም። በግድግዳው በኩል ድምፅ ስትጠብቅ ነበር። «እትዬ?» አለች። «እትዬ?» ድምፅ የለም። ቀጥሎ ሰፊዋ በቀስታ፣ ሰው እንዳይረበሽ እንደሚናገር ሰው፣ «ልጄ፣ እግሬ የት ሄደ?» አለች።

መርማሪው ቃታን ያስጠራው በሦስተኛው ቀን ነው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ነበር።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላም ዓይነት ጥይት ሞክረዋል ይላል። ሰው ውስጥ የሚቀረውን።»

«ሞክሬያለሁ።»

«ለምን ተዉት?»

«ይታነቃል። በእሷ እጅ ከአሥር አንዱ።»

መርማሪው ልጅ እግር ነው፤ መሣሪያ ብዙም የሚያውቅ አይመስልም። «ከአሥር ዘጠኙ ግን ይሠራል ማለት ነው» አለ። እያሾፈ አይደለም፤ ሒሳቡን ለራሱ እያጠራ ነው። ቃታ አፉን ከፈተ። ለወታደርም ለዘበኛም ለሠላሳ ዓመት ሲያስረዳ የኖረውን ነገር ሊያስረዳው ፈለገ፤ ቃላቱ ግን አንድ በአንድ ሲመጡለት ሁሉም የሰፊዋን ወገብ የሚያልፉ መሰለው። ዘጋው።

ባሏን ስለመታች ልጅቷ አልተቀጣችም፤ ሕይወቷን ስትከላከል ነው ተባለ። ሰፊዋን ስላቆሰለች ግን፣ ማየት ሲገባት ሳታይ ተኩሳለች ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። ሹፌሩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሶ በር ሰብሮ በመግባቱ አሥር ወር አገኘ፤ ስለቆሰለ ታስቦለት ሁለት ወር ተቀነሰለት።

ቃታ እስር ቤት ሊጠይቃት ሲሄድ ልጅቷ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። «እትዬ እንዴት ናት?» ትላለች። «ደህና ናት» ይላል። «አባዬ፣ የሰው ካርድ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚያ የተመታ ደህና አይሆንም።» አንድ ጊዜ «አንተ ምን አጠፋህ? ሠርቷል እኮ» አለችው። ልታጽናናው ነው። ይህ ካለችው ቃል ሁሉ የከበደው ሆነ።

ሰፊዋን የጎበኛት ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። ክፍሏ ውስጥ አልጋው መስኮት ሥር ተጠግቷል፤ የእግር መኪናው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ቃታ ባዶ እጁን አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመኪናው ጎማ ጋር የምታያይዝ ነገር ሲሠራ ሰንብቷል፤ በክንድ የምትጫን መርገጫም አበጅቶላታል። ተንበርክኮ ገጠመው፣ ሞከረው። መኪናው በራሱ ሰፋ።

«ጎበዝ ነዎት» አለች ሰፊዋ ከአልጋዋ። «ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ መዋል አልችልም። ማን ነው ቀና የሚያደርገኝ?»

«ወንበር እሠራልዎታለሁ። መደገፊያ ያለው።»

«እሺ ይሥሩ» አለች፤ ግን ለማስደሰት ያለችው መሆኑ ያስታውቃል። ትንሽ ቆይታ «እኔ እሷን አልተቀየምኳትም» አለች። «ምን ታድርግ? ያው የያዘችውን ነው የተኮሰችው። ጥይት እንደሆነ ጥይት ነው፤ ዓይን የለው።»

ቃታ እዚያው ዝም ማለት ይችል ነበር። መርማሪው፣ ዳኛው፣ ልጁ፣ ማንም ይህን አልነገራትም። ሞተሩን አጠፋ። ተንበርክኮ እንደነበረ አልተነሣም።

«እትዬ፣ ሌላ ጥይት ነበረ።»

«ምን አሉ?»

«ሌላ ዓይነት። ሰውየው ውስጥ ይቀር ነበር። ግድግዳውን አያልፍም። ሽጉጧ ግን አንዳንዴ አትቀበለውም፤ ትታነቃለች። በልጄ እጅ ከአሥር አንዴ። ስለዚህ ይሄኛውን መረጥኩ። ግድግዳውንም አውቅ ነበር። አንኳኩቼ አይቻለሁ።»

ሰፊዋ ፊቷን ወደ ችፑዱ ግድግዳ መለሰች። «ያን ቀን ዳንስ ነው ወይ ያልኳችሁ ጊዜ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ስስቅ እናንተ እኔን ነበር የምታስቡት?»

«አዎ።»

«ይውጡልኝ» አለች። አልጮኸችም። «ሞተሩን ይዘውት ይሂዱ። የልጅ አባት ነዎት፣ ይገባኛል፤ ግን ይውጡልኝ።»

ሞተሩን ፈትቶ ወሰደው። መንገድ ላይ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው ከበደው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ሄዶ በሩን አንኳኳ፤ አልተከፈተለትም። በወሩ የእህቷ ልጅ መጥታ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደቻት። የእግር መኪናው ተሸጧል አሉት።

ሥራውን አልተወም፤ ሌላ የሚያውቀው የለውም። ዘበኞቹ አሁንም ሽጉጣቸውን ያመጣሉ፣ እሱም ጆሮውን ያዘነብላል። አዲስ የተቀጠረ አንድ ዘበኛ «ጋሼ፣ የቱ ጥይት ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቀው ቃታ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ዘበኛው ያልተገባ ነገር የጠየቀ መስሎት ይቅርታ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም አይስቅበትም። ባለቤቱም ስለ ነገሩ አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ እሷ ናት «የማይከዳት ይሁን» ያለችው፤ ሁለቱም ያስታውሱታል፤ ስለዚህ ራት ሲበሉ ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት።

ሹፌሩ ስምንት ወሩን ጨርሶ ወጣ። ቃታ ይህን ያወቀው ከሰው ሰምቶ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጁን ጠይቆ ሲመለስ፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ሰው ክንዱን ደግፎ አወረደው። ቀና ሲል ሹፌሩ ነው። ወፍሯል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

«አባባ፣ ደህና ዋሉ?»

ቃታ ሳያስበው «ደህና» አለ። የስድሳ ዓመት ልማድ ነው፤ ሰላምታ ይመለሳል።

«እማማስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«እኔም ድኛለሁ፣ ይመስገነው» አለ ሹፌሩ። ክንዱን አጥፎ ዘረጋ። «ሐኪሙ ዕድለኛ ነህ አለኝ። ገብቶ ወጣ፣ ምንም አልነካም አለኝ።» ፈገግ አለ፤ ያው የድሮው፣ ሕፃናት የሚወዱት ፈገግታ። «እሷስ? መቼ ነው የምትወጣው?»

«አላውቅም» አለ ቃታ።

«እንዴት አያውቁም አባባ? አሥራ አምስት ወር ከስድስት ቀን ይቀራታል።» የአማቱን ትከሻ በቀስታ መታ መታ አደረገና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

ቃታ ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እንዴት ናት?» አለችው። «ደህና ናት» አላት። «ምን አለች?» «ምንም።» ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። ክሩን መፍታት አቅቶት ለረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ባለቤቱ አጠገቡ መጥታ ቁጢጥ አለችና ፈታችለት።